የቤት ሙዚቃ ሰርቨር፦ በአሮጌ ላፕቶፕና በነባር ስቴሪዮ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ ሳሎናቸው ውስጥ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች እያሏቸው ሙዚቃ የሚሰሙት ግን በስልካቸው ትንሽ ድምፅ ማጉያ የሆነ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። የካሴት ማጫወቻው ተበላሽቷል ወይም ሲዲው አላነብ ብሏል፤ ዘፈኑና መንዙማው ደግሞ በስልክ፣ በፍላሽና በአሮጌ ኮምፒውተር ተበታትኖ ይገኛል። የቤት ሙዚቃ ሰርቨር የሚባለው ይህን የተበታተነ ስብስብ በአንድ ቦታ አከማችቶ፣ ቤት ውስጥ ካለ ከማንኛውም ስልክ እየተመረጠ በስቴሪዮው እንዲሰማ የሚያደርግ ኮምፒውተር ነው። ስሙ ከባድ ይምሰል እንጂ አዲስ ዕቃ መግዛትን የግድ አይጠይቅም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ገንዘብና ጊዜ ከሁሉ በፊት በስብስቡ ላይ ሊውል ይገባል የሚል ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ በሌላ ይተካል፣ በጥንቃቄ ያልተቀዳና መጠባበቂያ ያልተቀመጠለት ካሴት ግን አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ነገሩን የሚያወሳስበው አራት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። የመጀመሪያው ሥራ የሙዚቃ ፋይሎችን በሃርድ ዲስክ ላይ ማከማቸት ነው። ሁለተኛው ፋይሉን እያነበቡ ማጫወት ነው። ሦስተኛው በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አምፕሊፋየሩ ወደሚቀበለው የኤሌክትሪክ ሞገድ መለወጥ ሲሆን፣ ይህን የሚሠራው ክፍል በባለሙያዎች ዘንድ ዳክ ይባላል። አራተኛው የሚሰማውን መምረጥና ማዘዝ ነው። ስልክ አራቱንም ብቻውን ይሠራል፤ የቤት ሰርቨር ግን ማከማቸቱንና ማጫወቱን ለኮምፒውተሩ፣ መለወጡን ለዳኩ፣ ማዘዙን ደግሞ በእጅ ላለው ስልክ ያከፋፍላል። ይህን ክፍፍል የተረዳ ሰው ችግር ሲገጥመው የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ በቀላሉ ይለያል፤ ስልኩ የዘፈኑን ዝርዝር እያሳየ ድምፅ ከሌለ ጥፋቱ ከዳኩ ወይም ከገመዱ ነው፣ ድምፁ እየተሰማ ስልኩ ማዘዝ ካቃተው ደግሞ ጥፋቱ ከዋይፋዩ ነው።

በብዙዎች ዘንድ ያለ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ እዚህ ላይ መስተካከል አለበት። ይህ ሁሉ የሚሠራው ያለ ኢንተርኔት ነው። ሰርቨሩና ስልኩ የሚነጋገሩት በቤቱ ውስጥ ባለው ራውተር አማካይነት ስለሆነ፣ ዘፈን ሲጫወት ከጥቅሉ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይቀነስም፤ የኢንተርኔት መስመሩ ለሳምንት ቢቋረጥም ሙዚቃው አይቋረጥም። ራውተር የሌለው ቤት ደግሞ ላፕቶፑ ራሱ ዋይፋይ እንዲያሰራጭ አድርጎ ስልኩን በቀጥታ ከእርሱ ጋር ማገናኘት ይችላል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው መጀመሪያ ፕሮግራሞቹን ለማውረድ ብቻ ነው። ራውተሩ ለሰርቨሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.50ን፣ እንዲሰጠው ማድረግ ይገባል፤ ያለዚያ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አድራሻው ሊቀየርና ስልኩ ሰርቨሩን ሊያጣው ይችላል። ሰርቨሩን ከውጭ በኢንተርኔት ለማግኘት ሲባል የራውተሩን በር (ፖርት) መክፈት ግን ለማያውቅ ሰው አይመከርም፤ ለሳሎን ሙዚቃ የሚጨምረው ነገር የለም።

ለሥራው አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ እንኳ ይበቃል፤ ድምፅ ማጫወት ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው። ላፕቶፕ ሙዚቃ ብቻ ሲያጫውት የሚወስደው ኃይል በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ዋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው የእጅ መዳፍ የሚያክል ኮምፒውተር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይወስዳል። ሆኖም አሮጌ ላፕቶፕ በእጁ ያለ ሰው ትንሿን ኮምፒውተር ፍለጋ እንዲደክም አልመክርም። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ፣ ስክሪንና ኪቦርድ አለው፤ በነፃ የሚገኘው የሊኑክስ ሲስተም ሲጫንበት ደግሞ በአዲሱ ዊንዶውስ የሚንቀራፈፈው ማሽን ሳይቸገር ይሠራል። በሊኑክስ ላይ ለዚህ ተግባር ለረጅም ጊዜ የቆየው ፕሮግራም ኤምፒዲ ነው፤ ራሱ ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም፣ ከበስተጀርባ ሆኖ ከስልክ የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ ያጫውታል። ዘፈኑ በስቴሪዮው ሳይሆን በየስልኩ እንዲሰማ ለሚፈልግ ደግሞ ናቪድሮም የተባለው ይሻላል፤ ሁለቱን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥም ይቻላል። ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ በሲስተሙ ማስተካከያ ላይ መንገር አይዘነጋ።

ከስቴሪዮው ጋር የማገናኘቱ ሥራ አጭር ነው። ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወጥቶ በሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ ራስ ያለው ገመድ በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ኤዩኤክስ (AUX) ወይም ሲዲ ወይም ቴፕ ኢን የሚል ጽሑፍ ካለበት ላይ ይሰካል፤ ቀዩ ለቀኝ፣ ነጩ ለግራ ነው። ፎኖ የሚለው ቀዳዳ ለሸክላ ማጫወቻ ደካማ ድምፅ የተሠራ በመሆኑ ኮምፒውተር እዚያ ላይ ከተሰካ ድምፁ ይሰነጣጠቃል። አምስት ቀዳዳ ያለው ክብ ሶኬት ብቻ ያላቸው የቆዩ ስቴሪዮዎች ተስማሚ መለወጫ ገመድ ይፈልጋሉ። የላፕቶፑ መውጫ ዲስኩ በዞረ ወይም ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚያሰማው ስስ ጩኸት ካለ፣ መድኃኒቱ በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ዳክ ነው፤ ቁጥሩን ወደ ሞገድ መለወጡን ከኮምፒውተሩ የኤሌክትሪክ ረብሻ አውጥቶ ስለሚሠራው ርካሹ እንኳ ልዩነት ያመጣል። የማያቋርጥ ወፍራም እምምታ ከተሰማ ግን መንስኤው ብዙ ጊዜ አምፕሊፋየሩና ኮምፒውተሩ ከተለያዩ ሶኬቶች ኃይል መውሰዳቸው ስለሆነ፣ የመጀመሪያው እርምጃ ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው። እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የመሬት ገመድን መቁረጥ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያስከትላልና ፈጽሞ መሞከር የለበትም። የኮምፒውተሩ የድምፅ መጠን መቶ በመቶ ላይ ተቀምጦ፣ ከፍና ዝቅ ማድረጉ በአምፕሊፋየሩ ቁልፍ ቢሆን ይመረጣል። ውድ ዲጂታል ገመድ ለመግዛት የታሰበ ገንዘብ ካለ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ቢገዛበት እጅግ ይሻላል።

ስለ ፋይል ዓይነቶች ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስብስቡን ለሃያ ዓመት የሚወስነው እዚህ ላይ የሚደረገው ምርጫ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሲዲ የድምፅን ሞገድ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ቁጥር ይመዘግባል። የሰው ጆሮ የሚሰማው እጅግ ቀጭኑ ድምፅ በሴኮንድ 20,000 ገደማ ጊዜ የሚርገበገብ ስለሆነ፣ ከእጥፉ በላይ መለካቱ ጆሮ የሚሰማውን ሁሉ ለመመዝገብ ይበቃል። በዚህ ልክ የተቀመጠ የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 635 ሜጋባይት ይወስዳል። ፍላክ የተባለው ዘዴ ይህን መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል፤ ጋቢን አጥፎ ሳጥን ውስጥ እንደ ማስቀመጥ ነው፣ ሲዘረጋ አንዲት ክር አይጎድለውም። ኤምፒስሪ በአንጻሩ ጆሮ አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ጨርሶ ይጥላል፤ በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 58 ሜጋባይት ያህል ብቻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንዴ የተጣለው ተመልሶ አይገኝም። ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ የተጫነን ኤምፒስሪ ወደ ፍላክ መለወጥ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ ድምፁን አያሻሽለውም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ፋይል እንዳለ ይቀመጥ። አዲስ የሚቀዳው ግን፣ ከሲዲም ይሁን ከካሴት፣ በፍላክ ይቀዳ።

ወደ ካሴቱ ስንመጣ ሥራው ይበዛል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ወሎ ባቲንና አምባሰልን የመሰሉ፣ በአገሩ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ያሉት ምድር ነው፤ በየቤቱ ካርቶን ውስጥ ካሉት ካሴቶች መካከል በሱቅ ተባዝተው የተሸጡ ብቻ ሳይሆኑ በሠርግ፣ በመውሊድና በቤተሰብ ጨዋታ ላይ የተቀዱ፣ ሁለተኛ ቅጂ የሌላቸው አሉ። ከእነዚህ መጀመር ተገቢ ነው፤ በሱቅ የተሸጠውን ሌላ ሰው ሊያስቀምጠው ይችላል፣ የአያትን ድምፅ ግን ከቤተሰቡ በቀር የሚያስቀምጠው የለም።

ካሴት ለመቅዳት በደንብ የሚሠራ ማጫወቻ ያስፈልጋል። ቴፑ የሚነካው የብረት ራስ በንጹሕ አልኮልና በጥጥ ተጠርጎ ቡናማው ቆሻሻ ሲለቅ፣ ታፍኖ የነበረው ድምፅ ወዲያው ሲከፈት ይሰማል። ድምፁ ከተጠረገም በኋላ የታፈነ ከሆነ፣ የብረት ራሱ አቀማመጥ ካሴቱ ከተቀዳበት ማሽን አቀማመጥ ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ ከብረት ራሱ ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን ካሴቱ እየተጫወተ በጥቂት በጥቂቱ ስትዞር ቀጭኑ ድምፅ እጅግ ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ ይገኛል። ይህን ማስተካከያ ለእያንዳንዱ ካሴት ማድረግ አድካሚ ቢሆንም፣ ከቅጂው በኋላ በኮምፒውተር ከሚደረግ ከማንኛውም ማጣሪያ ይበልጣል። ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ከመቅዳቱ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተጠምጥሞ ቢመለስ፣ የተጣበቀው ቴፕ ይላቀቃል፣ አካሄዱም እኩል ይሆናል።

ብዙ ላፕቶፖች ያላቸው የድምፅ መግቢያ ለማይክሮፎን የተሠራና የአንድ ወገን ድምፅ ብቻ የሚቀበል ስለሆነ፣ ከማጫወቻው ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ድምፅ የሁለት ወገን መግቢያ ባለው የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ በኩል ቢሆን ይገባል። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለመቅዳቱ ይበቃል። የቅጂው መጠን ሲስተካከል እጅግ ጎልቶ የሚሰማው ቦታ እንኳ ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ማድረግ ያሻል፤ ጣሪያውን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ አይጠገንም፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን በኋላ ከፍ ይደረጋል። ስልሳ ደቂቃ የሚፈጀው ካሴት ለመቅዳትም ስልሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ከቅጂው ላይ የቴፑን እሽታ ለማጥፋት የሚደረግ ማጣሪያ የማሲንቆውን ቀጭን ድምፅና የዘፋኙን ትንፋሽ አብሮ ስለሚወስድ፣ ያልተነካው ቅጂ ምንጊዜም ለብቻው ይቀመጥ፤ የጸዳው ከተፈለገ ሁለተኛ ፋይል ይሁን። አንድ ሺህ የአንድ ሰዓት ካሴቶች ምንም ሳይታጠፉ እንኳ 635 ጊጋባይት ስለሚሆኑ በአንድ ቴራባይት ዲስክ ላይ ተርፈው ይገባሉ፤ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ጥራት የሚቀነስበት ምክንያት የለም። የተቀዳውን አባዝቶ መሸጥና ማሰራጨት ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ የባለመብቱ መብት መሆኑ ይታወቅ።

ፋይሎቹ ከተከማቹ በኋላ የሚቀረው ለእያንዳንዳቸው የዘፈኑን፣ የድምፃዊውንና የአልበሙን ስም በፋይሉ ውስጥ መጻፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ግን የፋይሎቹን ዝርዝር የሚያዘጋጀው ከዚህ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ስም የሌለው ዘፈን ከሺዎች መካከል ተፈልጎ አይገኝም። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ስለገባ በአማርኛ መጻፍ ምንም ችግር የለውም፤ ባዶ ሳጥን የሚያሳይ ኮምፒውተር የሚጎድለው የግዕዝ ፎንት ብቻ ነው። የአማርኛው ችግር ከሌላ በኩል ይመጣል። ኮምፒውተር ሀን፣ ሐንና ኀን፣ እንዲሁም ሰንና ሠን እንደተለያዩ ፊደሎች ስለሚቆጥር፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ማህሙድ አህመድና መሐሙድ አህመድ ተብሎ በሦስት ካሴቶች ላይ የተጻፈው አንድ ድምፃዊ በዝርዝሩ ውስጥ ሦስት ሰው ይሆናል፤ ማሪቱ ለገሰና ማሪቱ ለገሠም እንዲሁ። መፍትሔው በካሴቱ ሽፋን ላይ የተጻፈውን እንዳለ መገልበጥ ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ድምፃዊ አንድ አጻጻፍ መርጦ በደብተር ላይ መዝግቦ ሳይለዋወጡ በእርሱ መጽናት ነው። የፈረንጅ ፕሮግራሞች አንዳንዴ የመጨረሻውን ስም ቀድመው ለመደርደር ይሞክራሉ፤ እኛ ዘንድ ሁለተኛው የአባት ስም ስለሆነ መደርደሪያው በራስ ስም እንዲሆን መደረግ አለበት። ልጆች በስልካቸው በላቲን ፊደል መፈለግ ከቀለላቸው፣ ለመደርደሪያ በተተወው ረድፍ ላይ ስሙን በላቲን መጻፍ ይቻላል።

የሙዚቃ ዓይነት በሚለው ረድፍ ላይ ከውጭ የመጡ ስያሜዎችን ከመሙላት ይልቅ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ መንዙማ፣ መዝሙር ብሎ መጻፍ ለእኛ ቤት የበለጠ ይጠቅማል። እንዲህ ከተጻፈ ከልዩ ልዩ ድምፃውያን የተሰበሰቡ የአምባሰል ዜማዎችን በአንድ ንክኪ በተከታታይ ማጫወት ይቻላል፤ ይህን ደግሞ ካሴት ራሱ አይሰጥም። የብዙ ድምፃውያን ስብስብ የሆነ አልበም በየዘፋኙ ተበታትኖ እንዳይታይ፣ የአልበሙ ባለቤት በሚለው ረድፍ ላይ ልዩ ልዩ ድምፃውያን ተብሎ ይጻፍ። የዘፈን ቁጥር 01፣ 02 እየተባለ በሁለት አኃዝ ቢጻፍ ደግሞ አሥረኛው ከሁለተኛው በፊት አይመጣም።

መብራት በድንገት የሚጠፋበት ቤት ሁሉ ሰርቨሩን ከዚህ አደጋ መጠበቅ አለበት። የላፕቶፑ ባትሪ የሚጠቅመው ሙዚቃው እንዳይቋረጥ አይደለም፤ አምፕሊፋየሩ ራሱ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። ጥቅሙ ዲስኩ በመጻፍ ላይ እያለ በድንገት እንዳይቆም ነው። ባትሪው አብጦ ከሆነ ግን ሊቃጠል ስለሚችል ወጥቶ መወገድ አለበት። የሙዚቃው ዲስክ ኤክስፋት በተባለው የፋይል አደረጃጀት (ፎርማት) የተዘጋጀ ከሆነ፣ ጀምሮ ያልጨረሰውን ጽሑፍ የሚመዘግብበት ማስታወሻ ስለሌለው በድንገተኛ መቋረጥ ይበልጥ ይጎዳል፤ በሊኑክስ ላይ ኤክስት4 የተሻለ ምርጫ ነው። አዲስ ፋይል በማይጨመርበት ጊዜ ዲስኩ ለማንበብ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል። ኤምፒዲ ያቆመበትን ቦታ ስለሚያስታውስ፣ ስልክ መነካካት የማይወዱ አያት ወይም እናት ላሉበት ቤት፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ትናንት ካቆመበት መንዙማ እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል፤ ሌሊት መብራት ሲመጣ ቤቱን በድምፅ እንዳይቀሰቅስ ለሚፈልግ ደግሞ ቆሞ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የማንበቢያ ራስ በስስ አየር ላይ ተንሳፍፎ ስለሚሠራ፣ ከፍታ ለእርሱ ትርጉም አለው፤ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ። ሁለቱም ከተሞች ከገደቡ በታች ናቸው፤ በዙሪያው ካሉት ከዚህ ከፍ ባሉ ደጋዎች ላይ ለሚኖር ሰው ግን ምንም የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይሻለዋል። የኮምቦልቻው ሙቀት ለዲስክ ከደሴው ብርድ ይከፋልና ኮምፒውተሩ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ።

ዲስክ ሁሉ አንድ ቀን ይበላሻል። የተለመደው የጥበቃ ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ ይሁን የሚል ነው። የመጨረሻው ሐረግ በዚህ አካባቢ ክብደት አለው፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከቤቱ የወጣ ሰው ካሴት ተሸክሞ አልወጣም። አንድ ዲስክ በሌላ ከተማ፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ባለ ዘመድ ቤት ማስቀመጥና ለበዓል ሲገናኙ አዲሱን ይዞ ሄዶ አሮጌውን መቀበል ብዙ ድካም የለውም። ፍላሽ ለዓመታት ሳይሰካ ከቆየ የያዘውን ሊያጣ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይታመንም። ፍላክ በፋይሉ ውስጥ የድምፁን ማረጋገጫ ቁጥር ይዞ ስለሚቀመጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የፍላክ መፈተሻ ትእዛዝ በሁሉም ፋይሎች ላይ ሲሠራ የተበላሸውን በስም ለይቶ ያወጣል፤ ያ ፋይል ከዘመድ ቤት ካለው ቅጂ ይተካል፣ መበላሸቱ ከተደጋገመ ደግሞ ዲስኩ ሳይሞት በፊት ይቀየራል።